የሶክስ-3 አንቲቦዲ አጠቃቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሶክስ-3 ምንድን ነው? አንቲቦዲውስ ምን ያሳየናል?

ሳይቶካይን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ሴሉ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ከተቀባዩ ስር የተጣበቁት ጃክ የሚባሉ ኪናዞች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች) ይነቃሉ። ጃኮቹ ስታት የተባሉትን ፕሮቲኖች ፎስፌት ያሲዟቸዋል፤ ስታቶቹም ኒውክለስ ውስጥ ገብተው ጂኖችን ያስነሳሉ። ከሚነሱት ጂኖች አንዱ መልሶ ያንኑ ምልክት የሚያቆም ፍሬን ነው፤ ሶክስ-3 ማለት ይህ ነው። የቤተሰቡ አባላት ስምንት ናቸው፤ ሲስ እና ከሶክስ-1 እስከ ሶክስ-7። የሶክስ-1 ግኝት በ1997 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ ነው ቤተሰቡ በዚህ ስም የታወቀው።

ሶክስ-3 በመካከለኛ ክፍሉ ጂፒ-130 በተባለው ተቀባይ ላይ ፎስፌት የያዘ ታይሮሲን ይይዛል (በሰው 759ኛው፣ በአይጥ 757ኛው)። ከፊት ባለው አጭር ቁራጭ የጃክን የሥራ ቦታ ይደፍናል። ጃክ-1ን፣ ጃክ-2ን እና ታይክ-2ን ይገታል፤ ጃክ-3ን ግን አይነካም። የኋላው ክፍል ኢሎንጊን ቢ እና ሲን፣ በእነሱም በኩል ከሊን-5ን ጠርቶ፣ ሶክስ-3 የያዘው ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን (የሚፈርስ ፕሮቲን ምልክት) እንዲለጠፍ ያደርጋል። አንቲቦዲው (ሶክስ-3ን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የሚያሳየው ይህ ፍሬን መቼ እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደተሠራና መቼ እንደጠፋ ነው። ፍሬኑ ሥራ ላይ መሆኑን ግን ብቻውን አያሳይም፤ ለዚያ ፎስፌት የያዘውን ስታት-3 አብሮ ማየት ግድ ነው።

ባንዱ የት ላይ መውጣት አለበት?

የሰው ሶክስ-3 225 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በስሌት 25 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ነው። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖች በጄል በክብደት ተለይተው ወደ ሜምብሬን ከተሸጋገሩ በኋላ በአንቲቦዲ የሚታዩበት ዘዴ) ጄል ላይ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ በ25 እና በ30 ኪሎዳልተን መካከል ይሮጣል። አንዳንዴ ሁለት ተቀራራቢ ባንዶች (የፕሮቲን ሰረዞች) ይታያሉ። ሴሉ ጭንቀት ላይ ሲሆን ከ12ኛው ሜቲዮኒን የሚጀምር አጠር ያለ ሶክስ-3 ሊሠራ ስለሚችል የታችኛውን ባንድ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ወዲያው መጣል አይገባም። እዚህ ላይ አንቲቦዲው የትኛውን የፕሮቲኑን ክፍል እንደሚያውቅ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያዎቹ አሚኖ አሲዶች በተሠራ ፔፕታይድ የተመረተ ከሆነ አጭሩን ዓይነት አያየውም፤ ከጅራቱ የተመረተው ሁለቱንም ያያል። 45 ወይም 55 ኪሎዳልተን ላይ ብቻ ባንድ የሚሰጥ «የሶክስ-3 አንቲቦዲ» ከገጠመዎት ግን ሌላ ነገር እያዩ ነው።

ምንም ባንድ አላየሁም። አንቲቦዲው ተበላሽቷል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የተበላሸ ከሚመስለው አንቲቦዲ አብዛኛው ሜምብሬኑ ላይ የሌለ ፕሮቲን የሚፈልግ አንቲቦዲ ነው። ሶክስ-3 እንደ አክቲን ሁልጊዜ ሴሉ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን አይደለም። ባልተነቃቃ ሴል ውስጥ መጠኑ ከዌስተርን ብሎት የማየት አቅም በታች ነው። ሲነቃቃ መልእክተኛው አርኤንኤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይዘላል፤ ፕሮቲኑ በአብዛኛው በ1 እና በ2 ሰዓት መካከል ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። በመካከለኛ ክፍሉ ውስጥ ፕሮቲኖችን ቶሎ እንዲፈርሱ የሚያደርግ «ፔስት» የተባለ ቅደም ተከተል ስላለው ዕድሜው አጭር ነው። ሳይቶካይን ጨምሮ በማግስቱ ጠዋት ሴል የሚሰበስብ ሰው ባዶ ሜምብሬን ቢያገኝ አይገርምም፤ ፍሬኑ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

ስለዚህ አዲስ አንቲቦዲ ሲገዙ የመጀመሪያው ሙከራ የጊዜ ተከታታይ ይሁን፦ 0፣ 15፣ 30፣ 60፣ 90 ደቂቃ፣ 2፣ 4 እና 8 ሰዓት። አንድ ባለ 10 ጉድጓድ ጄል ከመለኪያው ጋር ይበቃዋል። ፎስፌት የያዘው ስታት-3 በ15 እና በ30 ደቂቃ ላይ ደምቆ፣ ሶክስ-3 ብቅ ሲል መደብዘዝ ከጀመረ ሙከራው ሠርቷል። ስታት-3 በ15 ደቂቃ ጭራሽ ካልበራ ችግሩ ከሳይቶካይኑ ወይም ከሴሉ ነው፤ የሶክስ-3 አንቲቦዲውን መክሰስ አይቻልም። ስታት-3 በርቶ ሶክስ-3 ከጠፋ ግን ወደ ላይሴቱ (ከተሟሟው ሴል የተገኘው ፈሳሽ)፣ ወደ ሜምብሬኑና ወደ አንቲቦዲው እንሂድ።

የትኛውን ሴል በምን ላነቃቃ?

ለሰው ሴል ሄፕ-ጂ2 የተባለው የጉበት ሴል መስመር ጥሩ መነሻ ነው፤ ኢንተርሉኪን-6 ለተባለው ሳይቶካይን ተቀባይ አለው። ከ10 እስከ 50 ናኖግራም በሚሊሊትር ኢንተርሉኪን-6 ይበቃዋል። ለአይጥ ማክሮፌጅ (ለምሳሌ ሮው 264.7) 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ኤልፒኤስ (የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል) ይሠራል፤ ግን በኤልፒኤስ ሶክስ-3 የሚነሳው በከፊል ሴሉ ራሱ በሚያመነጫቸው ሳይቶካይኖች በኩል ስለሆነ ከኢንተርሉኪን-6ቱ ዘግይቶ ሊመጣና ረዘም ሊል ይችላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፦ የሰው ኢንተርሉኪን-6 በአይጥ ሴል ላይ ይሠራል፤ የአይጡ ግን በሰው ሴል ላይ አይሠራም። ፍሪጅ ውስጥ የተገኘውን ብልቃጥ ከማንሳት በፊት መለያውን ያንብቡ። ሁለተኛው፦ ጂፒ-130 በየሴሉ ላይ ሲኖር ኢንተርሉኪን-6ን ራሱን የሚይዘው ተቀባይ ግን በጥቂት የሴል ዓይነቶች ላይ ብቻ ነው። ፋይብሮብላስት ለኢንተርሉኪን-6 ብቻውን «ዝም» ቢል የሚሟሟውን ተቀባይ አብሮ መጨመር ወይም ኦንኮስታቲን-ኤም የተባለውን ሳይቶካይን መሞከር ነው።

ሴሉን ከ4 እስከ 16 ሰዓት ያለ ሴረም ማቆየት መነሻውን ዝቅ ያደርጋል። የ0 ደቂቃው ሳህን ሳይቶካይኑ የተሟሟበትን ፈሳሽ (ብዙውን ጊዜ 0.1% ቢኤስኤ የተባለ የከብት ሴረም አልቡሚን ያለበት ፒቢኤስ የተባለ የጨው በፈር) በእኩል መጠን መቀበል አለበት፤ ሚዲያ መቀየር ብቻውን ሴል ይረብሻልና። ቢኤስኤው ለጌጥ አይደለም፤ በዚያ ቅጥነት ያለ ሳይቶካይን ያለ ተሸካሚ ፕሮቲን የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ኤምጂ-132 መጨመር አለብኝ?

እንደ ጥያቄዎ ነው። አንቲቦዲው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ከሆነ አዎ፤ ከመሰብሰብዎ በፊት ለ2 ወይም ለ4 ሰዓት 10 ማይክሮሞላር ኤምጂ-132 ፕሮቲአዞምን (ፕሮቲን የሚያፈርሰውን የሴል መሣሪያ) ስለሚያግድ ሶክስ-3 ይከማቻል፣ ባንዱም ይጎላል። ሳይንሳዊ ጥያቄዎ «ሶክስ-3 መቼ ይወርዳል?» ከሆነ ግን መልሱን በእጅዎ እያጠፉ ነው። ፕሮቲአዞም ሲታገድ ሴሉ ይጨነቃል፣ የጃክና የስታት ምልክትም ራሱ ይራዘማል። ኤምጂ-132 የተሟሟበትን ዲኤምኤስኦ ብቻ የተቀበለ ሳህን ከጎኑ ይኑር።

ሳይክሎሄክሳማይድ በመጨመር የፕሮቲኑን ዕድሜ ለመለካት ለሚያስቡም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ መድኃኒት የሶክስ-3ን መልእክተኛ አርኤንኤ ከፍ ያደርጋል። ፕሮቲን መሥራት ስለታገደ ለዌስተርን ችግር የለውም፤ ከዚያው ሳህን ኪውፒሲአር (የአርኤንኤ መጠን የሚለካበት ዘዴ) ሠርቶ መተርጎም ግን ያሳስታል።

ሴሉን በምን ላሟሟ?

ሪፓ በፈር ይሠራል፦ 50 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 7.4፣ 150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1% ኤንፒ-40፣ 0.5% ሶዲየም ዲኦክሲኮሌት፣ 0.1% ኤስዲኤስ። በዕለቱ የፕሮቲኤዝ ማገጃ፣ 1 ሚሊሞላር ሶዲየም ኦርቶቫናዴትና 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ ይጨመርበታል። ቫናዴቱ አስቀድሞ «መንቃት» አለበት፤ ፒኤቹን ወደ 10 አድርሶ ፈሳሹ ቢጫነቱን ትቶ ጥርት እስኪል ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ ፒኤቹን መልሶ ማስተካከል፣ እንደገና ቢጫ ካለም መድገም። ቢጫውን እንዳለ የሚጠቀም ሰው የስታት-3 ፎስፌት በቱቦው ውስጥ እየረገፈበት ሳይቶካይኑን ይወቅሳል። ኢዲቲኤና ዲቲቲም ቫናዴትን ያከሽፋሉ።

ሶክስ-3 በቀላሉ የማይሟሟ ጠባይ አለው፤ በተለይ ከፕላዝሚድ በብዛት ሲሠራ። ከሴንትሪፉጁ በኋላ የሚጣለውን ዝቃጭ አንድ ጊዜ በላምሊ በፈር አፍልተው ጄል ላይ ይጫኑት። ባንዱ እዚያ ከተገኘ ሴሉን በቀጥታ በሞቀ 1% ኤስዲኤስ በፈር ማሟሟት ይሻላል። ያኔ ዲኤንኤው እንደ ንፍጥ ያዝለገልገዋል፤ በቀጭን መርፌ ደጋግሞ መሳብና መልቀቅ ወይም አጭር ሶኒኬሽን ይፈታዋል።

ጄሉና ሜምብሬኑ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

12% ጄል፣ በየጉድጓዱ ከ30 እስከ 50 ማይክሮግራም ፕሮቲን። ለአክቲን የሚበቃው 10 ማይክሮግራም ለሶክስ-3 አይበቃም። ሜምብሬኑ ባለ 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ፒቪዲኤፍ ይሁን። ባለ 0.45ቱ ላይ ትንንሽ ፕሮቲኖች፣ ማሸጋገሩ ከረዘመ፣ ሳይያዙ በወዲያኛው ያልፋሉ፤ ከኋላው ሁለተኛ ሜምብሬን ደርቦ ማየት ይህን ያጋልጣል። በእርጥብ ማሸጋገሪያ 20% ሜታኖል ባለበት በፈር፣ 100 ቮልት፣ 60 ደቂቃ፣ በበረዶ። ፒቪዲኤፍ በቅድሚያ ለጥቂት ሰከንዶች ሜታኖል ውስጥ ካልተነከረ ውኃ አይቀበልም።

«1 ለ 1000» ስንት ነው? ከጓደኛዬ ለምን ተለየ?

5 ሚሊሊትር ውስጥ 5 ማይክሮሊትር ነው፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። ችግሩ ጥምርታው ብቻውን ምንም አለመናገሩ ነው። 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር የሆነ አንቲቦዲ በ1 ለ 1000፣ 0.2 ሚሊግራም በሚሊሊትር የሆነው ደግሞ በ1 ለ 200 ሲቀጥን ሁለቱም እኩል 1 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ናቸው። መነሻ ያድርጉ የምንለውም ይህንኑ ነው፤ ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በቀስታ እየተወዛወዘ። ማስታወሻ ደብተር ላይ ጥምርታውን ብቻ ሳይሆን የብልቃጡን መጠንና የሎት ቁጥሩን ይጻፉ። ከጥንቸል ሴረም የሚመጣ ፖሊክሎናል (የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ከሎት ሎት ይለያያል፤ ሪኮምቢናንት ሞኖክሎናል (አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ) የተሻለ ወጥነት አለው። ምርጫ ካለ እሱን ይግዙ።

ሁለተኛው፣ ማለትም የመጀመሪያውን የሚይዘውና ኤችአርፒ የተባለ ብርሃን የሚፈጥር ኢንዛይም የተያያዘበት አንቲቦዲ፣ ከ1 ለ 5000 ቢጀመር ይሻላል። ሲበዛ የሚመጣው ምልክት የታወቀ ነው፦ ፊልሙ ላይ ባንዱ መሃሉ ነጭ ጠርዙ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሜምብሬኑን ሲያዩት እዚያው ቦታ ላይ ቡናማ ሰረዝ አለ። ኢንዛይሙ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ሰብስትሬቱን በልቶ ጨርሶታል። መፍትሔው ማቅጠን ነው፤ የፎቶ ጊዜ ማስረዘም አይጠቅምም። ኤችአርፒ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየም አዛይድ አይግባ፤ ኢንዛይሙን ይገድለዋል።

አንቲቦዲው ባዶ ቦታ ላይ እንዳይለጠፍ ሜምብሬኑን በወተት ወይስ በቢኤስኤ ልሸፍን?

ለሶክስ-3 በ0.1% ትዊን ቲቢኤስ የተሟሟ 5% ስብ አልባ ወተት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለፎስፎ-ስታት-3 5% ቢኤስኤ ይመረጣል፤ የወተቱ ኬሲን ራሱ ፎስፌት የያዘ ፕሮቲን ነው። አምራቹ በወረቀቱ ላይ አንዱን ለይቶ ከጻፈ እሱን ይከተሉ።

ብዙ ባንድ ወጣ። የትኛውን ልመን?

25 ኪሎዳልተን ላይ ስለወጣ ብቻ ሶክስ-3 ነው ማለት አይቻልም። «ሳይቶካይን ሲጨመር ጎላ» የሚለውም አያጠግብም፤ በዚያ ሰዓት የሚነሳ ፕሮቲን ብዙ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን አንቲቦዲን ለማረጋገጥ አምስት መንገዶችን አስቀምጦ ነበር፦ ጂኑን ማጥፋት፣ አንቲቦዲ በማይጠቀም ሌላ ዘዴ ማመሳከር፣ የተለየ ቦታ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ መለያ የተለጠፈበት ፕሮቲን እና ከኢሚውኖፕሪሲፒቴሽን (ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ ጎትቶ ማውጣት) ቀጥሎ ማስ ስፔክትሮሜትሪ። ለሶክስ-3 የሚመዝነው የመጀመሪያው ነው። ጂኑ በክሪስፐር የጠፋበት ሄፕ-ጂ2 እና እናት መስመሩ፣ ሁለቱም ለ90 ደቂቃ በኢንተርሉኪን-6 ተነቃቅተው ጎን ለጎን ይጫኑ። በሁለቱም ውስጥ የቀረው ባንድ ቆሻሻ ነው፤ በእናት መስመሩ ብቻ ያለው የእርስዎ ነው። ጂን የጠፋበትን ሴል ሳያነቃቁ መጫን ግን ትርጉም የለውም፤ ያልተነቃቃው ጤነኛ ሴልም ባዶ ነውና።

ክሪስፐር ከሌለ ኤስአይ-አርኤንኤ (ጂኑን ለጊዜው የሚያዳክም አጭር አርኤንኤ) ለ48 ሰዓት ሰጥቶ ማነቃቃት ይቻላል፤ የባንዱ መቀነስ ከኪውፒሲአር ውጤቱ ጋር መሄድ አለበት። ከአይጥ ቲሹ ለሚሠሩ፦ ሶክስ-3 ጨርሶ የሌለው የአይጥ ሽል በእንግዴ ልጅ ጉድለት ምክንያት ከመወለዱ በፊት ስለሚሞት ሙሉ በሙሉ ጂን የጠፋበት ጎልማሳ አይጥ አይገኝም። ጂኑ በአንድ ቲሹ ወይም በአንድ የሴል ዓይነት ብቻ የጠፋበትን ይፈልጉ። በእንደዚህ ያለ ማክሮፌጅ ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 ሲጨመር የስታት-3 ምልክት ከመጠን በላይ ይረዝማል፤ ኢንተርሉኪን-10 ሲሆን ግን ያን ያህል ለውጥ የለም። አንቲቦዲዎን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ናሙና ማግኘት ይከብዳል።

ብሎኪንግ ፔፕታይድ (አንቲቦዲው የተመረተበትን ፔፕታይድ) ጨምሮ ባንዱ መጥፋቱን ማሳየትስ? ደካማ ማስረጃ ነው። ፔፕታይዱ አንቲቦዲው የያዘውን ሁሉ ያስለቅቀዋል፤ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም።

ኢሚውኖፕሪሲፒቴሽን ሠራሁ፤ 25 ኪሎዳልተን ላይ ግዙፍ ባንድ አለ። ደስ ይበለኝ?

ገና ነው። የአንቲቦዲው ቀላል ሰንሰለት ራሱ 25 ኪሎዳልተን ላይ ይሮጣል፤ ሶክስ-3 የሚቀመጥበት ሰፈር ማለት ነው። በጥንቸል አንቲቦዲ ጎትተው በጥንቸል አንቲቦዲ ካነበቡ የሚያዩት እሱን ነው። መውጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ በጥንቸሉ ጎትቶ በአይጡ ማንበብ (ሁለተኛው አንቲቦዲ ከሌላው ዝርያ ጋር እንዳይነካካ የተጣራ ሆኖ)፤ ከባድ ሰንሰለቱን ብቻ የሚያውቅ ሁለተኛ አንቲቦዲ፤ ወይም አንቲቦዲውን ከሚጎተትበት ዶቃ ጋር በኬሚካል ማሰር። በቁጥጥርነት የሚጫነው አይሶታይፕ አንቲቦዲ (ሶክስ-3ን የማያውቅ ተመሳሳይ ዓይነት አንቲቦዲ) እዚያው ቦታ ተመሳሳይ ባንድ ከሰጠ ነገሩ ተጋልጧል።

ሶክስ-3 ከጂፒ-130 ወይም ከኢሎንጊኖቹ ጋር መያያዙን ማየት ከፈለጉ ሪፓን ይተውት፤ በውስጡ ያለው ኤስዲኤስ ትስስሩን ሊበጥስ ይችላል። 1% ኤንፒ-40 ብቻ ያለበት በፈር፣ ከ500 ማይክሮግራም እስከ 1 ሚሊግራም ላይሴት፣ ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም አንቲቦዲ፣ ሌሊቱን በቅዝቃዜ።

ለማይክሮስኮፕስ?

በ4% ፓራፎርማልዴሃይድ 15 ደቂቃ፣ በ0.1% ትሪተን 10 ደቂቃ ብሎ መሞከር ይቻላል። ግን ምልክቱ ደካማ ነው፣ ጄሉ ላይ በክብደት የሚለዩት የተሳሳቱ ባንዶች ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ይበራሉ። ጂኑ የጠፋበት ሴል በዚያው ቀን፣ በዚያው የካሜራ ቅንብር ካልተነሳ ሥዕሉን ለጽሑፍ አንጠቀምበትም።

ሶክስ-3ንና ስታት-3ን በአንድ ሜምብሬን ማየት ይቻላል?

አዎ፤ ሜምብሬኑን 35 ኪሎዳልተን አካባቢ ይቁረጡት። የላይኛው ለፎስፎ-ስታት-3 (86 ኪሎዳልተን ገደማ) ከዚያም ለአክቲን (42)፤ የታችኛው ለሶክስ-3። ፎስፎው ከጠቅላላው ስታት-3 ይቅደም። አንቲቦዲ ማስለቀቂያ ፈሳሽ ከትንሹ ፕሮቲን ላይ ከፊሉን ይዞ ስለሚሄድ የታችኛውን ቁራጭ አይንኩት።

ኪውፒሲአሩ ከፍ ብሏል፣ ዌስተርኑ ግን አልተነሳም። የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አርኤንኤው ይቀድማል፣ ፕሮቲኑም ቶሎ ይፈርሳል። ሆኖም አንድ ነገር ያጣሩ። የሶክስ-3 ኮድ ሙሉው በአንድ ኤክሶን ውስጥ ስላለ እዚያ ውስጥ የተነደፉ ፕራይመሮች ናሙናው ውስጥ የቀረውን ዲኤንኤም ያባዛሉ። ናሙናውን በዲኤንኤዝ ማጽዳትና ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ያልገባበት ቱቦ አብሮ ማስኬድ የግድ ነው። ያ ቱቦ ከናሙናው በጥቂት ሳይክል ብቻ ዘግይቶ ከተነሳ የኪውፒሲአሩ «ከፍታ» መቆሚያ የለውም።

እንዴት ላስቀምጠው? መብራት ቢጠፋስ?

50% ግሊሰሮል ያለበት አንቲቦዲ -20 ላይ ስለማይጋገር ሳይከፋፈል ይቀመጣል። ግሊሰሮል የሌለውን ከ10 ማይክሮሊትር በማያንስ መጠን ከፋፍሎ ማስቀመጥ፤ ከዚያ ባነሰ ግድግዳው ላይ የሚቀረውና የሚተነው ይበዛል። በረዶ ራሱ የሚያራግፍ ፍሪዘር አይሁን፤ በየጊዜው ሞቅ ቀዝቀዝ ይላል። አዲስ አበባ ላይ እንደሚያጋጥመው መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢሄድ ፍሪዘሩን አለመክፈት ነው፤ ብልቃጦቹን ቀድሞ በጄል በተሞላ የማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ማቆየትም ይረዳል። ጉምሩክ ላይ ጥቂት ቀን ቆይቶ በረዶው ቀልጦ የደረሰ አንቲቦዲ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ከመጣልዎ በፊት በ90 ደቂቃው ናሙና ይፈትኑት። ተሟሙቶ የተላከ ሳይቶካይን ግን እንዲህ አይታገስም፤ እሱን በዱቄት መልክ ይዘዙ።